ቀለሙ መጨረሻ ይሁን፦ አሮጌ ሞተር ሳይክል በግቢያቸው ለሚያድሱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ጠንከር ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ የጎረቤቴ ልጅ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል እየገፋ ግቢዬ ገባ። ጎማዋ ተንፍሷል፣ መቀመጫዋ ተቀድዶ ስፖንጁ ወጥቷል፣ ሰልባትዮዋ (የቤንዚን ታንከሯ) በአንድ ጎኑ ተጨርምቷል። ልጁ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ቀይ ላስቀባት ወይስ ጥቁር?» ብሎ ጠየቀኝ። ፒስተኑ ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ኮሎው፣ ይዞ እንደሆነ ገና አላየም። አልወቀስሁትም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው ነበር፣ ያስከፈለኝንም ዋጋ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ጋራዥ ሳይኖራቸው፣ በግቢያቸው ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አሮጌ ሞተር ለማስነሣት ለሚደክሙ ሁሉ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሞተር ጥገና አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና የምላችሁ በመጽሐፍ ያነበብሁትን ብቻ አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያማሃ ኤጂ 100 ገዛሁ። ይህች ሞተር ለገበሬና ለገጠር መንገድ ታስባ የተሠራች ናት፤ «ኤጂ» የሚለው መጠሪያዋም ከግብርና የመጣ ነው። ሰንሰለቷ አቧራና ጭቃ እንዳያገኘው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ተዘግቷል፣ በዳገት ላይ በየትኛውም ወገን ማቆም እንዲቻል በግራም በቀኝም መቆሚያ አላት፣ ሞተሯም በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 97 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት ነው። የገዛኋት ዕለት በሦስተኛው እርግጫ ተነሣች። ያ በጎ ምልክት መሰለኝና ሞተሩን ሳልከፍት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየርሁ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀይጠውን ካርቡሬተሯን አጠብሁ፣ ከዚያ ያለኝን ገንዘብ ሁሉ ለፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ማቃኛ፣ ለመቀመጫ ልብስና ለቀለም አዋልሁት። በዚያ ላይ አንድ ወዳጄ «በጎንደር ከፍታ ትንሽ ጂግለር ነው የሚያስፈልጋት» ስላለኝ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ያን ባለ ቀዳዳ ብሎን ሳልለካና ሳልፈትን አውጥቼ አነስ ያለ ገጠምሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል የሰፈሩ ሰው ዓይን ማረፊያ ሆነች። ከዕለታት አንድ ቀን ከአዘዞ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭኜ ወደ ከተማው ስወጣ፣ ዳገቱ መሐል የሞተሩ ድምፅ ቀጠን፣ ሰላ አለ። ጉልበት የጨመረች መሰለኝና ደስ አለኝ። ወዲያው የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ተያዘ፤ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ለመጨበጥ ዘግይቼ ነበርና ከነጭነቴ አስፋልቱ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው አይሱዙ ሹፌር ፈጥኖ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍላችሁም ነበር።

ሞተሩን ስፈታ ፒስተኑ ጎኑ ተፍቆ፣ አንደኛው ቀለበት ከነመቀመጫው ተጣብቆ አገኘሁት። ዘይት አንሷት ይሆናል ብዬ የዘይት ፓምፗን ፈተሽሁ፤ ደህና ነበረች። አንድ ሳምንት ሙሉ ምክንያቱን ስፈልግ ቆይቼ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት መካኒክ መጥተው አዩልኝና «የማኜቶውን ጀርባ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። በኮሎው ጫፍ ላይ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማኜቶ ሲወጣ፣ ኮሎው የሚያልፍበት ኦይል ሲል፣ አየርና ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ እንደ ቆዳ ደርቆ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ታየ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ኮሎው የሚዞርበት ክፍል ራሱ ፓምፕ ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣ ቤንዚንና አየር ከካርቡሬተር ይስባል፣ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ገፍቶ ወደ ላይ ያስገባዋል። በኮሎው ዳርና ዳር ያሉት ሁለት ሲሎች የዚህ ፓምፕ ግድግዳ ናቸው። በማኜቶ በኩል ያለው ሲያረጅ፣ ካርቡሬተሩ የማያውቀው አየር በስንጥቁ እየገባ ቅይጡን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ቅይጥ ደግሞ በሙቀት ይነድዳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ስለሚቀንስ ፒስተኑ በአንድ ጊዜ ይሞቃልም ይደርቃልም። በማርሹ በኩል ያለው ሲያረጅ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ የማርሽ ዘይት ስቦ ያቃጥላል፣ ጭሱ ይበዛል፣ የማርሹ ዘይት አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ሳይታይ ይጎድላል። የኔዋ ቀድሞውኑ በደረቀው ሲል ቅይጧ ሳስቶባት ሳለ፣ እኔ በትንሹ ጂግለር ይበልጥ አሳሳሁባት። ያን ቀን የሰማሁት ቀጭን ድምፅ የጉልበት ሳይሆን የጥም ድምፅ ነበር።

ይህን ጉድለት ሞተሩ ሳይጎዳ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፣ የሚያስፈልገውም መሣሪያ ውድ አይደለም። አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ ፈልጉ፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ትታችሁ የሚጨመቀውን ጎማና ግፊቱን በመርፌ የሚያሳየውን ሰዓት ብቻ ውሰዱ። ካርቡሬተሩንና የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውጥታችሁ ሁለቱንም ቀዳዳዎች በወፍራም ጎማና በላሜራ አጥብቃችሁ ድፈኑ። ሸክላው የወጣለት አሮጌ ካንዴላ ላይ ቱቦውን አጥብቁና በካንዴላው ቦታ እሰሩት። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱት፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት መስኮቶች ተከፍተው ነፋሱ እስከ ኮሎው እንዲደርስ ነው። ከዚያ ሰዓቱ 250 እስኪያሳይ ንፉ፤ ከ300 አታሳልፉ፣ ጤነኛውን ሲል ልትገለብጡት ትችላላችሁና። ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው በቦታው ከቆየ ሞተሩ አየር አያስገባም ማለት ነው፤ ከወረደ ደግሞ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው፣ በመጋጠሚያው መካከል በሚገባው ጓርኒሲዮን ዳርና በማኜቶው ጀርባ ቀቡ፣ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ችግሩን ያሳያችኋል። ይህ ሥራ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። እኔ ባለመሥራቴ የከፈልሁት ፒስተን፣ የሲሊንደር ማስቦረሻና የሁለት ወር ሕመም ነው።

ስለ መፍታትም ጥቂት ልበላችሁ። ደብተር ሳይኖራችሁ አንድ ቡሎን አትንኩ። ዛሬ ስልካችሁ ፎቶ ያነሣላችኋል፤ ይሁን እንጂ ፎቶ የትኛው ሽቦ ከየትኛው በላይ እንዳለፈ እንጂ የትኛው ቡሎን ላልቶ፣ የትኛው ጠብቆ እንደነበር አይነግራችሁም። ስለዚህ ጻፉ። የጃፓን ሞተሮች መስቀለኛ ብሎኖች በገበያ ከምናገኘው ካቻቪቴ ጋር ልክ አይደሉም፤ ይመሳሰላሉ እንጂ ጫፋቸው ይለያያል፣ ሳይገጥም ሲጠመዘዝም የብሎኑን ጭንቅላት ይበላዋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራውን ፈልጋችሁ ግዙ፣ ካጣችሁም ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ አሳድሩበትና በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካክታችሁ ፍቱት። ማኜቶውን ግን በመዶሻ አታውጡት፤ የራሱ መንቀያ አለው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ከደብተሩ ጋር ይሄዳል። እኛ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታ የምንላቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ ከተማችን የጣሊያን ጦር እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. የቆየባት እንደመሆኗ አውቶ ፓርኮ የሚባል ሰፈርም አለን። የፋብሪካው መመሪያ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከመካኒኩም ከመጽሐፉም ጋር ሳትግባቡ ትቀራላችሁ።

ወደ ከፍታው ልመለስ፤ ወዳጄ የነገረኝ ነገር ውሸት አልነበረምና። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ጂግለሩን ማሳነስ ስለዚህ ትክክል ነው፤ የኔ ስህተት አየር እንደማታስገባ ሳላረጋግጥና ካንዴላዋን ሳላነብ ማድረጌ ነበር። በመጀመሪያ ሲሎቹን ፈትሹ። ቀጥሎ አዲስ ካንዴላ ገጥማችሁ ዳገት ላይ በሙሉ ጋዝ ጥቂት ንዱና በዚያው ጉልበት ላይ እንዳለች ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሪሲዮኑን በመያዝ ዳር ቁሙ። ካንዴላው ለጋ ሆኖ እንደተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ጂግለሩን አንድ ቁጥር አውርዱ፣ ከነጣ ግን ወዲያው ወደ ትልቁ ተመለሱ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቁጥር በላይ አትዝለሉ።

ሲሊንደሩን በዓይን አትፍረዱት። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ከ0.05 ሚሊሜትር ካለፈ ሪቲፊካ፣ ማለትም ውስጡን በማሽን ማስቦረሽ፣ ያስፈልገዋል። ፒስተኖቹ ብዙውን ጊዜ በ0.25 ሚሊሜትር እየጨመሩ እስከ 1.00 ድረስ ይገኛሉ፤ ስለዚህ አንድ ሲሊንደር አራት ዕድል አለው፣ በትንሹ የሚድነውን በትልቁ አታባክኑት። አዲሱን ፒስተን አስቀድማችሁ ግዙና ለባለ ሙያው አብራችሁ ስጡት፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ፒስተኑን ራሱን ለክቶ፣ 0.04 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት እንዲተውለት ነው። የመስኮቶቹን ጠርዝ በስሱ እንዲያለሰልስም ንገሩት፤ ስለት ሆኖ የቀረ ጠርዝ ቀለበቱን ይይዘዋል። የኔን ሲሊንደር ይዤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ባሕር ዳር ሄጃለሁ፣ አልጸጸትም።

ሰልባትዮው ውስጡ ከዛገ አቼቶ ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት፣ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁትና ወዲያው ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን አንሸራሽሩበት፤ ያለዚያ በክረምታችን እርጥበት በማግስቱ እንደገና ይዝጋል። የፍሬን ሸራውን አቧራ በአፍም በነፋስ ፓምፕም አትንፉት፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ግን ስለ ከሰል ነው። የምንሠራው እናቶቻችንና እኅቶቻችን ቡና በሚያፈሉበት ግቢ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ከእናንተ ርቆ ያለውን የከሰል ፍም ያገኛል፣ እሳቱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ቤንዚን አትክፈቱ። ጀበናው ካልወረደ ሥራው ይቆይ።

አሁን ስለ ቀለሙ ልንነጋገር እንችላለን። የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ በጣሊያን ዘመን ግን በሲሚንቶ ተጠገኑ። ሲሚንቶው ለዓይን የጠነከረ ይመስላል፣ ነገር ግን እርጥበትን አምቆ ለዘመናት የኖረውን ድንጋይና ኖራ ይጎዳል፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ከዚያ ብዙውን አንሥተው በኖራ መተካት ነበረባቸው። በአሮጌ ሞተር ላይ ወፍራም ስቱኮ የሚለጥፍና የተበላውን ቀለም ሁሉ ገፎ በሚያብረቀርቅ ቀለም የሚሸፍን ሰው ያንኑ ስህተት የሚሠራ ይመስለኛል። የተጨረመተውን ላሜራ ከውስጥ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ አጽዱት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡና ከዚያ የፋብሪካውን ቀለም የሚመስለውን ፈልጉ። ጤነኛ የሆነውን የድሮ ቀለም ተዉት። ለጎረቤቴም ልጅ የነገርሁት ይህንኑ ነው፤ እስከ መስከረም ሞተሯን ፈትቶ ሲፈትሽ ቆየ፣ በማርሹ በኩል ያለውም ሲል ደርቆ ተገኘ።

ስትገጥሙ የዘይት ፓምፑ ቱቦ ውስጥ አየር እንዳይቀር አስወጡት፣ ለመጀመሪያውም ሰልባትዮ ፓምፑን ብቻ ሳታምኑ በ25 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ቀላቅሉ። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች በግማሽ ጋዝ፣ ያለ ጭነትና ያለ ተፈናጣጭ ንዱ፤ አንድ ፍጥነት ላይም ረጅም ጊዜ አትቆዩ። እጃችሁ ከፍሪሲዮኑ አይራቅ። የጎረቤቴ ልጅ አሁን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቷታል፤ በየእሑዱ ካንዴላዋን ነቅሎ ያሳየኛል፣ ቀለሙንም በደብተሩ ከነቀኑ ይጽፋል። ሰልባትዮዋ ገና አልተቀባም።