«ቁጥር ለማሟላት ነው» አሉኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ የማመልከውም በመካነ ኢየሱስ ነው። በሚቀጥለው ወር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ይሰበሰባሉ። ከሚላኩት አንዷ ሆኜ ተመርጫለሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ የአጥቢያችን ሰው «ሴትና ወጣት ስለጎደለ ነው እኮ» ሲል ሰማሁ። እንግሊዝኛዬም ሰው ፊት ቆሞ ለመናገር አያደፍርም። እናቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናት። «ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» እያለች ትተክዛለች። ለሌላ ሰው ብለቀው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትለቂው።

የሰማሽው ንግግር እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔም ከዚሁ ከጣና ዳር ተነስቼ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሄጄ ነበር። ያኔ ለእኔም ይህንኑ ቃል ብለውኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። የእኛን መካነ ኢየሱስ ጨምሮ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት የሆነው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ቡዳፔስት ላይ ጠቅላላ ጉባኤውን ሲያደርግ፣ ከተወካዮች ቢያንስ 40 በመቶው ሴቶች፣ 20 በመቶው ደግሞ ወጣቶች እንዲሆኑ ወሰነ። ለምን? በየአጥቢያው ሕፃናቱን የሚያስተምረው፣ የሚዘምረው፣ ለእንግዳ ወጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ግን እነዚህ ሰዎች አልነበሩም። ያ ወንበር ድሮም የአንቺ ነበር፤ ባዶውን ነው የቆየው። ሰውየው ሲያገኝሽ ይህን በትሕትና ንገሪው፤ አትጣዪው።

ወንበሩ ደግሞ ቀላል ወንበር አይደለም። አፍሪካውያን ሉተራኖች አህጉሩን ያቀፈ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡት እ.ኤ.አ. በ1955፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ማራንጉ በምትባል ቦታ ነው። የእኛ መካነ ኢየሱስ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆና የተቋቋመችው ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ገና እኛ ሳንደራጅ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይመካከሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞላል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ የራሴን ላጫውትሽ። ሦስት ቀን ሙሉ አፌን አልከፈትኩም። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ግን ተራዬ ሲደርስ «አልፋለሁ» እላለሁ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቅስ ነበር። በአራተኛው ቀን ሻይ ዕረፍት ላይ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ታንዛኒያ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ካለችው ሙዋንዛ ነበር የመጣችው። ከየት ነሽ ስትለኝ ቃል ቢያጥረኝ ስልኬን አውጥቼ የጣናን ፎቶ አሳየኋት። እምቦጭ የዋጠው ዳርቻ ነው፤ አንዲት ታንኳም መሃሉ ላይ ተይዛለች። ሴትዮዋ ብድግ አለች። «ማጉጉ ማጂ!» ብላ ጮኸች። በስዋሂሊ እምቦጭ ማለት ነው። ኬንያውያኑንና ኡጋንዳውያኑን ጠራቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእነሱ ሐይቅ እንዴት እንደተሸፈነ፣ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ እንዴት እንደተለቀቀበት፣ ዓሣ አጥማጆቻቸው ስንት ቀን መረብ ሳይጥሉ እንደዋሉ ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ በቡድን ውይይት ላይ እጄን አወጣሁ። እንግሊዝኛዬ ያው ነው፤ አልተለወጠም። የምናገረውን ነገር ግን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ከዚያ ሁሉም ተነስተው ለሁለቱ ሐይቆች ጸለዩ።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ባለው እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ምእመናኑን ጠይቂያቸው። ምን እንድትነግሪላቸው ይፈልጋሉ? ከሌሎቹስ ምን መስማት ይፈልጋሉ? በአማርኛ ጻፊው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይገልብጥልሽ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስታነቢ ዝግ በይ። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ እንግሊዝኛ እንደ አንቺው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው።

የእናትሽ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። እናት ስትተክዝ እያዩ አውሮፕላን መሳፈር ከባድ ነው። አትከራከሪያት። አብረውሽ የሚሄዱትን ቤት ጋብዘሽ አስተዋውቂያት፤ ስልካቸውንም ስጫት። ቡና ሲፈላ ደግሞ ይህን አጫውቻት። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን ድረስ ሄዶ የሉተራኖች ስም የመጣበትን ማርቲን ሉተርን ዊተንበርግ ላይ አግኝቶታል። የተነጋገሩትም እንደ አንቺ ቋንቋ እየቸገራቸው፣ በአስተርጓሚ ነው። ሲለያዩ ሉተር በየደረሰበት እንዲቀበሉት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። ያ ዲያቆን የእናትሽ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። «ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» ላለችሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ከዚያ ጉልበቷን ስመሽ «መርቂኝ» በያት። ጉባኤው ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ በየማታው ስትደውዪ ስለ ምግቡ ብዙ አታውሪ፤ ስለ ሰዎቹ ንገሪያት።

ሻንጣሽ ውስጥ ለግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና ቦታ ተዪ። ቆልተሽ አስፈጭተሽ ያዢው፤ ክፍል የምትጋራሽን ልጅ በመጀመሪያው ማታ አጠጫት። ከሙዋንዛ የመጣች፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴትም ካጋጠመችሽ፣ ያቺ የጣናዋ ሴት አሁንም ፎቶውን ስልኳ ላይ እንዳኖረችው ንገሪልኝ።