ለሥራ ወደ ቬትናም ለምትሄዱ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ለንግድ ወደ ሃኖይ ወይም ወደ ሆ ቺ ሚን ከተማ የምትሄዱ ሁሉ፣ ስለ ዋጋና ናሙና ከማሰባችሁ አስቀድማችሁ የምታገኙት ሰው በድርጅቱ ውስጥ ያለውን ቦታ ብታጣሩ ይበጃችኋል፤ በቬትናም ማን ቀድሞ እንደሚጨበጥ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በማዕረግና በዕድሜ ነውና። ስማቸው የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ሲሆን መጠሪያቸው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ንጉየን የተባለውን የቤተሰብ ስም ከሕዝቡ ሲሶ የሚያህለው ስለሚጋራው፣ «ሚስተር ንጉየን» ብሎ መጣራት ማንንም ለይቶ አለመጥራት ነው፤ እኛም ሰውን በአባቱ ስም ስለማንጠራ ይህ ሊከብደን አይገባም። በመጀመሪያው ቀን ዕድሜያችሁን ቢጠይቋችሁ አትቀየሙ፤ እንደ ታላቅ ወይስ እንደ ታናሽ እንደሚያነጋግሯችሁ ለማወቅ ነው። ቢዝነስ ካርድ በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ ሳታነቡት ኪስ አትክተቱት።

በስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነው። ዓይናችሁን እርሱ ላይ ብቻ አትትከሉ፤ ከጎኑ አረንጓዴ ሻይ በትንሽ ሲኒ እየተጎነጩ ዝም ያሉት አዛውንት ወሳኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ወጣቱ በየመሀሉ ራሱን እየነቀነቀ «የስ» ቢላችሁም እየሰማሁ ነው ማለቱ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት እንግዳን እንደማሳፈር ይቆጠራልና። ስለዚህ «ተስማማን?» ከማለት «ዕቃው መቼ ይጫናል? የሚፈርመውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ጉዳዩ አላለቀም።

በእኔ ግምት የእኛን ልጆች ብዙ የሚያስከፍላቸው በሰው ፊት ተከራክሮ የመርታት ፍላጎት ነው። ኢንቮይስ (የሽያጭ ሒሳብ ሰነድ) ላይ ስህተት ብታገኙ በአዘጋጀው ሰው ባልደረቦች ፊት አታንሡት፤ ከስብሰባው በኋላ ለብቻው አሳዩትና የሚያርምበት ጊዜ ስጡት። በአለቃው ፊት ያፈረ ሰው ሒሳቡን ቢያስተካክልላችሁም ሁለተኛ ስልካችሁን ላያነሳ ይችላል።

ማዕድ ላይ ስትቀርቡ ታላቅየው እስኪጀምሩ ቆዩ፤ የመመገቢያ እንጨቶቹንም ሩዝ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አትሰኩ፤ ለሙታን የሚቃጠለውን የዕጣን እንጨት ያስመስላልና። ጾመኞች «ቻይ» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር መባቻና አጋማሽ የሚመገቡትን ሥጋ የሌለበት ምግብ ታገኛላችሁ። ቡናቸው በትንሽ ማጥለያ ጠብ እያለ የሚወርድ፣ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ፣ ሮቡስታ የተባለው የቡና ዓይነት ነው። የቡና አገር ልጅ ነኝ ብላችሁ ስለ እኛው የቡና ዓይነት ስለ አረቢካ ትምህርት ለመስጠት እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ፤ ግን ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ብዙ ቡና የምታመርተው ቬትናም ስለሆነች መጀመሪያ ጠጡላቸው።

ቴት የሚባለው አዲስ ዓመታቸው በእኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። መሥሪያ ቤት ለሳምንት ያህል ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ ፋብሪካዎች ቶሎ ወደ ሙሉ ሥራ አይመለሱም። ትእዛዛችሁን እስከ ኅዳር አጠናቃችሁ ላኩ፤ በበዓሉ ሳምንት ከመልካም ምኞት በቀር ስለ ሥራ አትጻፉላቸው።