ቤት በሆነ አውቶቡስ ውስጥ አየሩ በየት ይግባ፣ በየት ይውጣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር አቅራቢያ ነው። ከአገልግሎት የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገዝቼ፣ ወንበሮቹን ነቅዬና ግድግዳውን በኮምፔንሳቶ ለብጬ ከእናቴ ጋር እየኖርንበት ነው። የውስጡ ርዝመት ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ የፕሮፔን ምድጃና በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ አለው። ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ስንነሳ መስኮቶቹ ላብ አውጥተው ውሃው ወደ ፍራሹ ይወርዳል፤ ራስ ምታትም አልለየንም። ከአልጋው በላይ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ቢኖርም እናቴ «ንፋስ ይመታናል» ስለሚሉ ማታ ሁሉም ይዘጋል። ማሞቂያውን ብንጨምረው ይሻል ይሆን? ቡናችንንስ እዚያው በከሰል ማፍላት እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለነገ የሚባል ስላልሆነ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር። ከሰል አውቶቡሱ ውስጥ በፍጹም አይግባ። በአገራችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀለት በኋላ ወደ ቤት ማስገባት እንደ በቂ ጥንቃቄ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነውና ጭስ የማይታይበት ፍምም ያወጣዋል፤ ተኝተው በዚያው የቀሩ ቤተሰቦችን የገደላቸውም ይኸው ነው። ቡናውን በከሰል ማፍላት ከፈለጉ ደጅ ይሁን። ራስ ምታቱም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በተለይ ከአውቶቡሱ ወጥታችሁ ጥቂት ስትቆዩ የሚለቃችሁ ከሆነ፣ የማሞቂያው የጭስ ቧንቧ መጋጠሚያ አለመላላቱና ጫፉ በበረዶ አለመደፈኑ በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ ማሞቂያው በርቶ አይታደርበት፤ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ከተጨመረበት ወዲያው ወጥታችሁ ወደ 911 ደውሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን አልጋው አጠገብ፣ የፕሮፔን ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ አጠገብ ይግጠሙ።

ወደ ላቡ ስንመጣ፣ ማሞቂያውን መጨመር ብቻውን አያድናችሁም። ሁለት ሰዎች ሌሊቱን በትንፋሽና በቆዳቸው ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃሉ፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ደግሞ ከ1.6 ኪሎ በላይ የውሃ እንፋሎት ይፈጥራል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ የሚሸከም ሲሆን፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ግን ከ5 ግራም በላይ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ሞቃቱ አየር ነጠላውን መስታወትና ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያለውን ላሜራ ሲነካ ትርፉን እዚያው ያራግፋል። በአንጻሩ ብርዳሙ የውጭ አየር የያዘው ውሃ ጥቂት በመሆኑ፣ ገብቶ ሲሞቅ እርጥበቱን ተሸክሞ ይወጣል።

ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ብናስብ፣ ለሁለታችሁ በሰዓት 72 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የአውቶቡሳችሁ ውስጥ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ አየሩ በሰዓት ከሁለት ጊዜ በላይ ይለወጣል ማለት ነው። ይህ ብዙ ቢመስልም የጣሪያ ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነቱ የሚወጣው ሥራ ነው። ውጭው ዜሮ፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ቢሆን ያንን አየር ለማሞቅ የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ ደህና የናፍጣ ማሞቂያ አይከብደውም።

ብዙዎች የሚዘነጉት መግቢያውን ነው። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ማራገቢያው ብቻ ቢሠራ፣ የሚያወጣውን አየር የሚተካው ከወለሉ ስንጥቅ፣ ከሞተሩ በኩል ካሉ የሽቦ ቀዳዳዎች፣ አንዳንዴም ከማሞቂያው ጭስ መውጫ አካባቢ ተስቦ ይገባል። ስለዚህ ማራገቢያው አየር ወደ ውጭ እንዲያወጣ አድርገው፣ በሌላኛው ጫፍ፣ ማለትም በሾፌሩ ወንበር በኩል፣ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉ፤ የማሞቂያው ጭስ መውጫ ግን ከዚያ መስኮት ሥር መሆን የለበትም። ከዚያም ስስ የሶፍት ቁራጭ መስኮቱ ክፍተት ላይ ይያዙ፤ ወደ ውስጥ ከታጠፈ አየሩ በመረጣችሁት በር እየገባ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቀረ ክፍተቱን ጥቂት ያስፉት።

የእናትዎ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ አናታቸው ላይ የተከፈተ መስኮት በብርድ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳቸዋል። አየሩ ከፊት ገብቶ፣ በማሞቂያው በኩል አልፎ፣ የአውቶቡሱን ርዝመት ሲጓዝ ግን አልጋው ጋ የሚደርሰው ለዘብ ብሎ ነው። ሶፍቱን በትራሳቸው አጠገብ ይዘው እንደማይርገበገብ ቢያሳዩአቸው ከብዙ ክርክር ይሻላል።

ምግብ ሲበስል አሠራሩ ይለወጣል፤ የወጡ እንፋሎት ወደ አልጋው እንዳይሳብ፣ ማራገቢያው አቅጣጫ የሚቀይር ከሆነ አየር እንዲያስገባ አድርገው ከምድጃው አጠገብ ያለውን መስኮት ሰፋ አድርገው ይክፈቱ፤ የማይቀይር ከሆነ ከምድጃው አጠገብ ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ ማራገቢያ ማስገጠም ይበጃል። ፍራሹን ዛሬውኑ አንሥተው ሥሩን ይመልከቱ። ኮምፔንሳቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ሻጋታ ነውና ጠርገው ያድርቁት፤ ከዚያም አየር በሥሩ እንዲያልፍ ፍራሹን ክፍተት ባለው የጣውላ ርብራብ ላይ ያስቀምጡት።