ከመርከብ ጉዞ ዛጎልና አሸዋ ይዞ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

በመዝናኛ መርከቦች ላይ በእንግዳ መስተንግዶ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የትምህርት ቤት እረፍት በተቃረበ ቁጥር ከባልቲሞር ወደ ባሃማስና ቤርሙዳ፣ ከማያሚ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚሳፈሩ ወገኖች ይደውሉልኛል። ስለ ቪዛውና ስለ ጾም ምግቡ ጠይቀው ሲጨርሱ «ዛጎል ብናመጣስ?» ይላሉ። ዛሬ ለዚህ ብቻ ተቀምጫለሁ፤ ጠይቁኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ አሳጥረሽ ንገሪኝ። ከባሕር ዳርቻ ባዶ ዛጎል ማንሳት ይፈቀዳል ወይስ ክልክል ነው?

መልስ፦ ባሳጥርልህ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፈቃጁ አንድ አይደለም። ዛጎሉን ያነሳህበት አገር ሕግ አለው፤ መርከቡ የራሱ ደንብ አለው፤ የምትገባበት አገር ጉምሩክ ደግሞ በር ላይ ይጠብቅሃል። ከሦስቱ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ አበቃ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ አሜሪካ ጉምሩክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥብቅ የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ነው። በዚያ ላይ አሜሪካ ከ1900 ጀምሮ «ሌሲ» የሚባል ሕግ አላት። በሌላ አገር ሕግን ጥሶ የተወሰደ የዱር እንስሳ ወይም የእንስሳ ውጤት እዚህ ሲገባ እዚህም ጥፋት ይሆናል። «እዚያ ማንም አላየኝም» ማለት አያዋጣም።

አገሩን ብቻ ሳይሆን የቆምክበትን ዳርቻ ለይተህ እወቅ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሳኒበል ደሴት ላይ ሰው ከሩቅ የሚመጣው ዛጎል ለመልቀም ነው፤ ባዶውን ማንሳት ይቻላል፣ ነፍስ ያለበትን መንካት ግን ክልክል ነው። መርከቡ ሴንት ቶማስ ሲያርፍ ብዙ መንገደኛ በጀልባ ተሻግሮ ሴንት ጆን ወደሚገኘው ትራንክ ቤይ ይሄዳል። ያ ዳርቻ የቨርጂን ደሴቶች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ከዚያ ዛጎልም፣ የሞተ ኮራልም (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ አጽም)፣ አሸዋም መውሰድ አይፈቀድም። ሁለቱም ቦታዎች የሚተዳደሩት በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ ናሶ ወደብ አጠገብ ያንን ትልቁን፣ ውስጡ ሮዝ የሆነውን ዛጎል ሲሸጡ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ወር እንሄዳለን፤ ለሳሎኔ አንድ ብገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ እሱ ኮንክ ይባላል፤ የባሃማስ ሰዎች ሥጋውን ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ከትፈው በጥሬው ይበሉታል። በብዛት ስለተጠመደ ከ1992 ጀምሮ በሳይቲስ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ድንበር ከማያልፉት ተርታ፣ ይገኛል። ሳይቲስ ማለት ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። አሜሪካም በ2024 ኮንክን ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ መዝግባዋለች። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ለመንገደኛ ቀዳዳ ትቷል፦ ለራስሽ እስከሆነና አብሮሽ በሻንጣ እስከተጓዘ ድረስ እስከ 3 ዛጎል ያለ ሳይቲስ ፈቃድ ማለፍ ይችላል። ይህ ለአንድ ሰው ነው። በፖስታ ከላክሽው ወይም ለመሸጥ ካመጣሽው ቀዳዳው ይዘጋል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ከዚህም ጠበቅ አድርገው የራሳቸውን የመውጫ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ባረፍሽበት ወደብ ሁሉ ሻጩን ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛ ጠይቂ።

ስትመርጪ ዛጎሉን አገላብጠሽ እዪው። ከጫፉ አጠገብ፣ ጠመዝማዛው በሚጀምርበት በኩል፣ ትንሽ ስንጥቅ ታገኛለሽ። ዓሣ አጥማጁ በመዶሻ ሰብሮ፣ ቢላ አስገብቶ ሥጋውን ያላቀቀበት ነው። ሻጮች «እንከን» ብለው ዋጋ ይቀንሱለታል፤ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እንስሳው ለምግብ እንደዋለ ያሳያል። ከዚያ ከንፈሩን እዪ። ያደገ ኮንክ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ወፍራም ሆኗል። ከንፈር ያላወጣውና ጠርዙ የሳሳው ገና ሳይራባ የተያዘ ጫጩት ነው፤ ባሃማስም ከንፈሩ በደንብ ያልተዘረጋውን ማጥመድ ትከለክላለች። ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከየሄደችበት አገር አሸዋ በትንንሽ ጠርሙስ ትሰበስባለች። በአሜሪካ ጉምሩክ ያልፋል?

መልስ፦ በአሜሪካ በኩል የሚፈራው አሸዋ ሳይሆን አፈር ነው። አፈር ውስጥ ነፍሳት፣ ፈንገስና የአረም ዘር ስለሚኖር ያለ ግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አይገባም። ንጹሕና ደረቅ የባሕር አሸዋ እንደ አፈር አይቆጠርም። ስለዚህ ቅጠል፣ ሥር ወይም የባሕር አረም የተቀላቀለበት እንዳይሆን አጣርታ፣ አድርቃ ትያዝ፤ በር ላይ ስትጠየቁም «አሸዋ አለን» በሉ።

ግን መጀመሪያ ያልኩትን አትርሳ፦ ችግሩ ያለው የተነሳበት ቦታ ነው። ሃዋይ ከባሕር ዳርቻዋ አሸዋና የሞተ ኮራል መውሰድን በሕግ ከልክላለች፤ በእግርና በፎጣ ላይ ተጣብቆ የመጣውን ግን ማንም አይቆጥርባችሁም። የቤርሙዳና የባሃማሷ የሃርበር ደሴት ሮዝ አሸዋ ብዙ ሰው ያጓጓል። ቀለሙን የሚሰጡት ቀያይ ቅርፊት ያላቸው፣ በኮራል ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ እነሱ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ተፈጭቶ ከነጩ ጋር ይቀላቀላል። ነጩ አሸዋ ደግሞ በከፊል ኮራል ጋጭ ዓሣ በልቶ ያስወገደው ነው። ለልጅህ ይህንን ንገራት፤ የእኔ እህት ልጆች ከሰሙ በኋላ አሸዋ መሰብሰቡን ራሳቸው ተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሚላኖ ነው። ከጄኖቫ ተነስተን ሰርዲኒያ እናርፋለን። ጓደኞቼ «እዚያ ለአሸዋ ያስራሉ» ይላሉ፤ ማጋነን ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙም አላጋነኑም። ሰርዲኒያ በ2017 ባወጣችው ደንብ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ዛጎል ከዳርቻ የወሰደ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ይቀጣል። ነሐሴ 2019 ላይ አንድ የፈረንሳይ ባልና ሚስት ፖርቶ ቶሬስ ወደብ ላይ ወደ ቱሎን ሊሳፈሩ ሲሉ ተያዙ፤ መኪናቸው ውስጥ ከኪያ ዳርቻ የተወሰደ 40 ኪሎ ያህል አሸዋ በ14 የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ተገኘ። እስከ 6 ዓመት እስራት በሚያስቀጣ የስርቆት ክስ ስማቸው ተነሳ። 40 ኪሎ ለማስታወሻ ነው ማለት ይከብዳል፤ ሆኖም ቅጣቱ ለአንድ ጠርሙስም ይሠራል። በሻንጣ ፍተሻው ማሽን ላይ የአሸዋ ጠርሙስ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚታይ መደበቂያ የለውም።

መርከባችሁ ወደ ግሪክ ከቀጠለ፣ ስኪያቶስ ላይ ላላሪያ የሚባል ነጭ ጠጠር ያለበት ዳርቻ አለ፤ ከዚያ አንድ ጠጠር ኪስ መክተት ከ400 እስከ 1,000 ዩሮ ያስቀጣል። ቱርክ ውስጥ ሴዲር ደሴት ደግሞ የ«ክሊዮፓትራ» አሸዋን ጠባቂ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ተነስቶ ሻርም ኤል ሼክ በሚያርፍ መርከብ እየሄድኩ ነው። ከቀይ ባሕር ዛጎል ማምጣት ይቻላል?

መልስ፦ ተዪው። ግብፅ ኮራልም ዛጎልም ከባሕሯ ማንሳትን ትከለክላለች፤ ራስ መሐመድ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። በሳይቲስ ስምምነት መሠረት ለግዙፉ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እስከ 3 ፍሬና እስከ 3 ኪሎ የሚል የመንገደኛ ፈቃድ አለ ብለው የሚነግሩሽ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ግን የግብፅ ሕግ ይቀድማል። እስራኤል ውስጥ ኤይላት ለሚሄዱም እንዲሁ ነው፤ ከኮራል ጥብቅ ስፍራው የሞተም ቢሆን አይነሳም።

ሌላው ምክንያት ሕይወትሽ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ በጣም የሚያምር፣ ሾጣጣ፣ ሥዕል የተሳለበት የሚመስል ዛጎል ታያለሽ። ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ እንደ ጦር የሚወረወር መርዛማ ጥርስ አለው። ከእነዚህ አንዱ ዝርያ ሰው ገድሏል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ባዶ ይሁን አይሁን በጣት አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና ነገሩ ተጋነነ። ባሕር የሚያክል ነገር ውስጥ አንዲት ዛጎል ብወስድ ምን ይጎድላል?

መልስ፦ አንተ ብቻ ብትሆን ምንም። አንድ መርከብ ግን በአንድ ጠዋት ከ3,000 በላይ ሰው ያራግፋል፤ ከሰዓት ሌላው ይመጣል። ስፔን ውስጥ ሳሎው አጠገብ ባለ ዳርቻ ተመራማሪዎች ከ1978 እስከ 1981 ዛጎል ቆጥረው፣ ከ2008 እስከ 2010 ተመልሰው ቆጠሩ። በመካከሉ የጎብኚው ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ የዛጎሉ ብዛት ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ባዶ ዛጎል ደግሞ ባለቤት አለው፦ ጀርባው ልስልስ የሆነ ሸርጣን እያደገ በሄደ ቁጥር ሰፋ ያለ ቅርፊት ፈልጎ ይገባበታል። ትልልቁንና ቆንጆውን እኛ ስንለቅም ለእሱ የሚተርፈው የጠርሙስ ክዳን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የደረቀ የባሕር ኮከብ፣ የባሕር ፈረስ፣ የኤሊ ቅርፊት አምባር፣ የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ጥቁር ኮራልስ?

መልስ፦ ከባሕር ኤሊ የተሠራ ማንኛውም ነገር በፍጹም፤ የሻጭ ደረሰኝ አያድንህም። የባሕር ፈረስ በስምምነቱ እስከ 4 ይፈቀዳል፤ እኔ ግን አልገዛም። ጥቁር ኮራል በዝርዝሩ ውስጥ ነው፣ ከወረቀት ጋር ካልተሸጠልህ ተወው። የባሕር ኮከብ በዳርቻ ላይ ሕይወት የሌለው ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አለ፤ ወደ ውኃው መልሰው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ያነሱት ባዶ መስሎን ካቢናችን ውስጥ በሌሊት መራመድ ጀመረ! ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ መርከብ ላይ ሳለሁ የስንቱን ካቢን በር በዚህ ምክንያት አንኳኳሁ! ዛጎሉን ከማንሳታችሁ በፊት አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ነዋሪ ካለ እግሩን ያወጣል። ሥጋ የቀረበት ደግሞ በሁለተኛው ቀን ሽታው ኮሪደሩን ያውደዋል፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ሪፖርት ታደርጋለች። ብዙ መርከቦች ሕይወት ያለው ነገርና አፈር አያስገቡም፤ መሳፈሪያው ላይ ያለው ፍተሻ የተቀመጠው ለመጠጥ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። ከገዳም እምነት ይዤ ስመጣ በአሜሪካ ጉምሩክ ተወሰደብኝ። ለምን?

መልስ፦ እናቴ፣ ምናልባት ይዘውት የመጡት አፈር ይሆናል። አመድ ከሆነ ሌላ ነው፤ አፈር ከሆነ ግን የተባረከ መሆኑን ተቆጣጣሪው አይለይም፣ ሕጉ ስለ አፈር ያለውን ይፈጽማል። ሲጠየቁ ምን እንደሆነ በግልጽ ይንገሩ። ያሳወቀ ሰው ዕቃው ቢወሰድበት ነው፤ የደበቀ ግን ቅጣት ይጨመርበታል።

ጥያቄ፦ በዛጎል ያጌጠ የአያቴን አንቀልባ ከአገር ቤት ማምጣት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ያ ትንሹ፣ ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለገለው ዛጎል ሳይቲስ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጥያቄ የሚያስነሳው ቆዳው ነው፦ በደንብ የለፋ ከሆነ ያልፋል፣ ፀጉሩ ያልተነሳለት ጥሬ ቆዳ ከሆነ ሊያዝ ይችላል። እንደ እንስሳ ውጤት አስመዝግቢው።

ጥያቄ፦ ከመርከቡ ሱቅ የተገዛ ዛጎልስ?

መልስ፦ አብዛኛው ከፊሊፒንስና ከህንድ የመጣ፣ ተወልውሎ የታሸገ ነው፤ ከካሪቢያን አይደለም። ለጉምሩክ ማሳየት አለብሽ፤ ደረሰኙን አትጣይ።