«ሳህን ይዘህ ና»

ለወጣችሁም ገና ለምትወጡም ልጆቼ፣

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ሼፍ ደወለልኝ። ለንደን ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ሜልቦርን ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። «ጋሼ፣ ቋንቋው እንኳ አያሳስበኝም፤ ያው እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔም ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው መንገድ ስሄድ ይህንኑ ብዬ ነበር።

ሜልቦርን በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለቅዳሜ ቤቱ ጠራኝና «ሳህን ይዘህ ና» አለኝ። ምንም አልደነቀኝም። እኛ አገር ድግስ ሲኖር የእድር ሳህን ይመጣ የለ? ካነሰም ከጎረቤት እንዋሳለን። ሰውዬው እንግዳ በዝቶበታል ብዬ ስድስት አዳዲስ ሳህን ገዛሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። አንዴ ሳህኖቹን ታያለች፣ አንዴ እኔን ታያለች። ለካ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ «ሳህን ይዘህ ና» ማለት ለሁሉም የሚሆን ምግብ ሠርተህ አምጣ ማለት ነው! አንዱ ሰላጣ፣ ሌላው ኬክ ይዞ ተሰብስቧል። ሼፍ ነኝ ባዩ እኔ ብቻ ባዶ ሳህን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። የማታውቁት ቃል ብዙም አይጎዳችሁም፤ ትጠይቃላችሁ፣ ወይ ስልካችሁ ላይ ትፈልጋላችሁ። ጉድ የሚሠራችሁ የምታውቁት የመሰላችሁ ቃል ነው። ሳህንን ማን አያውቅም?

እስቲ ድንችን እንይ። ለንደን ውስጥ «ቺፕስ» ካላችሁ ከዓሣ ጋር የሚቀርበው ወፍራም የድንች ጥብስ ይመጣላችኋል። በፓኬት የታሸገው ስስ ድንች እዚያ «ክሪስፕስ» ነው። አሜሪካ ግን ቺፕስ የፓኬቱ ነው፤ ትኩሱን ጥብስ «ፍራይስ» ይሉታል። አውስትራሊያ ሁለቱንም ቺፕስ ብላ ተገላግላለች። የእኛ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። በላስቲክ የሚሸጠውን ስስ ድንች «ችፕስ» ስንል አሜሪካዊ እንሆናለን፤ «ብስኩት» ስንል ወደ እንግሊዝ እንመለሳለን። በአሜሪካ ደቡብ ብስኩት ማለት ለቁርስ የሚቀርብ ትኩስና ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው፤ በወተትና በዱቄት የወፈረ የቋሊማ ስጎ ይፈስበታል። እኛ ብስኩት የምንለውን እነሱ «ኩኪ» ይሉታል። ቃሉን የወረሱት ከሆላንድ ሰፋሪዎች ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1664 ወስደው ኒውዮርክ እስኪሏት ድረስ ከተማይቱ ኒው አምስተርዳም ነበረች።

ይሄ እንግዲህ የሳቁ ነው። የጾምና የእምነት ጉዳይ ሲሆን ግን ሳቁ ያልቃል።

እንግሊዝ «ፑዲንግ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚበላውን ጣፋጭ ነው። ይህን ተምሬ፣ አውቄያለሁ ብዬ ተቀምጫለሁ። ማንቸስተር ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለሠራተኛው ቁርስ ቀረበ። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ ከጎኑ ሁለት ጥቁር ክብ ነገር። ምንድነው ስል «ብላክ ፑዲንግ» አሉኝ። ቸኮሌት ነው ብዬ ሁለቱንም ጨረስኩ። የአሳማ ደም ነው፣ ከእህልና ከስብ ጋር ተቀቅሎ የጠጠረ! አሳማው ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ሳትጠይቅ ለምን በላህ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት የሙያ ምክር ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

«ሚንስሚት» ደግሞ ግልባጩ ነው። ስሙ የተፈጨ ሥጋ ነው የሚመስለው፤ ውስጡ ግን ዘቢብ፣ አፕልና ቅመም ነው። የእንግሊዞች ገና ታኅሣሥ 16 ሲውል እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ታዲያ አንዱ ይመጣና «ሥጋ የለውም፣ ፍራፍሬ ነው፣ ብላ» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ነገር ግን በቀድሞው አሠራር የከብት ሞራ ይገባበታል፤ የሚጠቀለልበት ሊጥም ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚለወሰው። አሁን ሞራ የሌለበትም ስላለ ፓኬቱን አንብቡ።

መጠጥ ለማትቀምሱ፣ «ሳይደር» ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ እንዲሁ ሳይደር ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን የሚጠጣው ያልተጣራ የአፕል ጭማቂ ነው። እንግሊዝ ግን ሳይደር የሚያሰክር ነው፣ ከቢራ ጎን ነው የሚቀዳው። የእኔ አንድ የሥራ ጓደኛ፣ ጠንቃቃ ሙስሊም ነው፣ ከአሜሪካ መጥቶ ብርጭቆው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ነው ያስጣልኩት።

ወጥ ቤት ለምትሠሩ ሁለት ነገር ልጨምር። ከአውስትራሊያ ወደ አሜሪካ በተሻገርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ «ለማታ ሰማንያ ኦንትሬ» ብሎ አዘዘኝ። በሜልቦርን ልማድ ኦንትሬ የመክፈቻ ምግብ ነው። ሰማንያ ትንንሽ ሳህን አሳምሬ ደረደርኩ። አሜሪካ ውስጥ ግን ኦንትሬ ዋናው ምግብ ነው! ያን ማታ ላብ አጠመቀኝ። ሁለተኛው ማንኪያ ነው። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ መለኪያ 20 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የአሜሪካውና የእንግሊዙ 15 ገደማ። አራት ማንኪያ ጨው በሚል አሠራር ላይ የአንድ ማንኪያ ልዩነት አለው፤ ወጡ ይናገራል። ድንብላል ስታዙም እንግሊዝ «ኮሪያንደር» ቅጠሉም ፍሬውም ነው፤ አሜሪካ ፍሬው ብቻ ሲሆን ቅጠሉ በስፓኒሽ ስሙ «ሲላንትሮ» ይባላል።

ከቃሉ ይልቅ ልማዱ የሚያደናግርበትም ጊዜ አለ። ሰሜን እንግሊዝ ብዙ ሰው የምሳውን ምግብ «ዲነር»፣ የማታውን «ቲ» ይለዋል። «ለሻይ ና» ተብዬ፣ ሻይማ ሆድ አይሞላም ብዬ ጥግብ ብዬ በልቼ ሄድኩ። የቀረበው የበግ ጥብስ፣ ድንችና አትክልት ነው። ይሉኝታ ይዞኝ እንደገና በላሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ርቦኝ ሄጄ፣ ልጨምርልህ ሲሉኝ እንደ አገራችን ወግ «አይ፣ በቃኝ» አልኩ። ሁለተኛ ይለምኑኛል፣ በሞቴ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ሳህኑ ተነሣ። የሚለምን የለም። ስስት እንዳይመስላችሁ፤ ቃላችሁን ማክበራቸው ነው። ከራባችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ በሉ።

የወንድሜ ልጅ ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ጂፒ በሚሉት የሐበሾች የንግድ ሰፈር፣ ሱቅ አለው። «ባኒ ቻው» የሚባል ምግብ ሲጋብዙት፣ «ባኒ» በእንግሊዝኛ ጥንቸል ነውና፣ የጥንቸል ሥጋ ነው ብሎ ዓመት ሙሉ እምቢ አለ። ነገሩ ደርባን ያሉ ህንዶች የጀመሩት ነው፤ የዳቦ ሆዱ ተፍቆ ካሪ ይሞላበታል። ጥንቸል በዞረበት የለም። እዚያ የትራፊክ መብራቱ «ሮቦት» ነው። «ጀስት ናው እመጣለሁ» ያለ ሰው ደግሞ አሁን አይመጣም፤ በኋላ ነው፣ መቼ እንደሆነም አይታወቅ። ልጁ መጀመሪያ ተናደደ። እኛ መንገድ ሳንጀምር «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የምንለውን ሳስታውሰው ተወው።

አሜሪካ አስተናጋጅ ለምትሆኑ አንድ ነገር ብቻ። ቲፕ እዚያ ምርቃት አይደለም። በፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ ግዛቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ተመጋቢው ከሂሳቡ 15 እስከ 20 በመቶ ቢጨምር እንደ ግዴታ ይቆጠራል። አውስትራሊያ ደመወዙ ሙሉ ስለሆነ ቲፕ የሚጠብቅባችሁ የለም።

ያ ወጣት ሼፍ ሜልቦርን ገብቷል። ባለፈው ሐሙስ መልእክት ላከልኝ፦ «ጋሼ፣ ለቅዳሜ ሳህን ይዘህ ና ተብያለሁ። ምን ልሥራ?»

ምስር ወጥ ሥራ አልኩት። በርበሬውን ቀንስ። መጀመሪያ ግን ለውዝና ሰሊጥ የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቅ።