የሌጦ ጨው በደረቁ ይያዝ፤ ከሟሟ በኋላ የሚይዘው ማጣሪያ የለም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ዳርቻ የበግና የፍየል ሌጦ እየሰበሰብኩ በጨው አሽቼ ለፋብሪካ አስረክባለሁ። ወለሉ የሚታጠብበት ውሃ በቦይ ወርዶ ከመጋዘኑ በታች ያለው ጨፌ ይገባል። ቀጠማው እየሳሳ ፊላ ብቻ ሆኗል፤ ምንጩም ጨው ጨው ማለት ጀምሯል። በአሸዋና በከሰል ባጣራው ይጸዳል?

መልስ፦ አይጸዳም። አሸዋ ቆሻሻን፣ ከሰል ሽታን ሊቀንስ ይችላል፤ የሟሟ ጨው ግን በሁለቱም መሃል እንደ ውሃው ያልፋል። ኖራም አመድም አይረዱም። ጨው ከሶዲየምና ከክሎራይድ የተሠራ ነው፤ ክሎራይዱ አይበሰብስም፣ አይተንም፣ ተክልም ጠቅልሎ አይወስደውም። ውሃ ጨምሮ ማጠብም ኪሎውን አይቀንስም፤ ጨፌው የሚቀበለው ያንኑ ጨው ነው። ስለዚህ ሥራው ያለው ከቦይው በፊት፣ ወለሉ ላይ ነው።

መጠኑን በቁጥር ይዩት። ከ1 ኪሎ ጨው 607 ግራሙ ክሎራይድ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. ለውሃ ውስጥ ሕይወት ያወጣው የረጅም ጊዜ ገደብ በሊትር 230 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ 1 ኪሎ ጨው ብቻውን 2,600 ሊትር ንጹሕ ውሃ እዚያ ገደብ ላይ ያደርሳል። በወር 500 ሌጦ ቢያሹ፣ አንዱ 2 ኪሎ ቢመዝን፣ ጨውም የክብደቱን 40 በመቶ ቢያደርጉ 400 ኪሎ ይሆናል። ሩቡ እንኳ ወደ ቦይ ቢሄድ ከ260 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ያበላሻል። በረዶ የሚበዛባቸው አገሮች በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ረግረጋቸውን የጎዳው በዚሁ መንገድ ነው።

ጨፌው ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ ጨዋማ ውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከላይኛው ጋር ስለማይቀላቀልም ሥር ያለው ውሃ ኦክስጅን ያጣል። ሶዲየሙ ደግሞ ዋልካው ላይ የተያዘውን ካልሲየም አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፤ አፈሩ ይበተናል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል። ጨው የማይችሉ ሣሮች ሲሞቱ የሚችለው ፊላ ይስፋፋል። ፊላው ለመለመ ብለው ጨፌው ደህና ነው እንዳይሉ።

አሁን ወለሉን ያስተካክሉ። ሌጦው መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር። ሲሚንቶው በ1 ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ አንድ ጠርዝ ያዘቅዝቅ፤ የሚንጠባጠበው በጠባብ ቦይ ወደ ፕላስቲክ ሮቶ ይግባ። የብረት በርሜል በጨው ቶሎ ይበላል። ሌጦው ከመጫኑ በፊት አንድ በአንድ በርብራቡ ላይ ይራገፍ። የረገፈው በመጥረጊያና በአካፋ ተሰብስቦ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ ውስጡ በፕላስቲክ በተሸፈነ የማዳበሪያ ከረጢት ከጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ውሃ የሚነካው ወለሉ በደረቁ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ያም በባልዲ እንጂ በጎማ አይሁን። የጨውን ብክነት በብዛት የሚያስቀረው ይህ ሥራ ነው፤ ከእጅና ከጊዜ በቀር ብዙ ወጪ የለበትም።

ያገለገለው ጨው ውስጥ ጨው ወዳድ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ሌጦው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አውጥቶ ፊቱን ያበላሻል። ስለዚህ ብቻውን አይጠቀሙበት፤ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሌጦ ላይም አያድርጉት። ቶሎ ለሚሸኝ ሌጦ ከአዲስ የአፍዴራ ጨው ጋር ይቀላቅሉት። ለከብት እንዲልሱት መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ አባሰንጋ ከሞተ እንስሳ ሌጦ ወደ ጨው ሊሻገር ይችላል። ሠራተኞችዎም ጓንት ያድርጉ።

ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመው ጨዋማ ፈሳሽ በፀሐይ ይተናል። ደምና ስብ ከላይ ሽፋን ሠርቶ ትነቱን ስለሚያዘገይ መጀመሪያ ይዝቀጥ፣ በወንፊትም ይለፍ። 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይሥሩ፤ ፈሳሹ ከ10 ሳንቲሜትር አይብለጥ። በበጋ በቀን 3 ሚሊሜትር ይተናል ብለው ቢያሰሉ 60 ሊትር ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ገንዳው ካልተከደነ ከንቱ ነው፦ 10 ሚሊሜትር ዝናብ 200 ሊትር ይጨምርበታል፣ ሞልቶም ወደ ጨፌው ይፈስሳል። ሲከደን አየር እንዲያልፍ በጎን ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ጣሪያ ይሁን፤ ቆርቆሮውና ምስማሩ ይዝጋሉ። ዙሪያውን የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈር።

የተጎዳው ጨፌ ውስጥ ጨው ያስወግዳል የሚባል ነገር አይጨምሩበት። ንጹሕ ውሃ የሚገባበትን መንገድ ይክፈቱ፣ ፊላውንም ነቅለው አይጨርሱት፤ ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃል። የጨፌው ማገገም ቀርፋፋ ነው፤ ከታች ያለው የቦርከና ወንዝም ያንን ጨው ተሸክሞ እስከ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፣ በበጋ ከብት የሚሰማራው እዚያ ነው። ስለዚህ መሻሻሉን በዓይን ሳይሆን በኢሲ ሜትር ይከታተሉ፤ ይህ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ መሣሪያ ነው፣ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል። ከመጋዘኑ በላይ፣ ከቦይው መውጫና ከጨፌው በታች ይለኩ፤ ጨፌው ውስጥ ናሙናው ከሥር ይቀዳ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከመጋዘኑ በላይና በታች በተለካው መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚነግርዎ። በየወሩ በተመሳሳይ ቦታ ይመዝግቡ፣ ውሃው በሚያንስበት ግንቦት ላይና በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግሥት ደግሞ ሳይዘለል።