ከፍያለሁ ግን ፋይል አላረኩም፣ አሁንስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ። የ2023ን ታክስ ኤፕሪል 15, 2024 ማታ አንድ ጓደኛዬ ስልኬ ላይ አይአርኤስ (የፌደራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ዌብሳይት ገብቶ 3,200 ዶላር ከባንኬ ከፈለልኝ፣ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። አሁን ሲፒ 59 የሚል ደብዳቤ መጣብኝ፣ ሪተርንህ (የዓመቱ የታክስ ሪፖርትህ) አልደረሰንም ይላል። ብሩ ወጥቷል እኮ! ደግሜ ልከፍል ነው?

መልስ፦ ኧረ አትከፍልም ወንድሜ፣ ብሩም አልጠፋም። ብር ልከሃል፣ የምን ብር እንደሆነ የሚናገረውን ወረቀት ግን አላክህም፣ እነሱ ጋ ደግሞ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚታዩት። አይአርኤስ ላይ ኦንላይን አካውንት ክፈትና የ2023 ትራንስክሪፕትህን (የሂሳብ መዝገብህን) እይ፣ 3,200ው እዛ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ጓደኛህ ሲከፍል ምን ብሎ እንደመረጠም እዛው ቼክ አርግ፣ ማታ ተቻኩሎ የተነካ ነገር አይታመንም። ኤክስቴንሽን (የፋይል ጊዜ ማራዘሚያ) ብሎ ከሆነ ሳታውቀው እስከ ኦክቶበር 15, 2024 ጊዜ ነበረህ፣ ብሩም ስኬጁል 3 (ከዋናው ፎርም 1040 ጋር የሚያያዝ ቅጽ) መስመር 10 ላይ ይገባል፤ ኢስቲሜትድ ታክስ (በግምት አስቀድሞ የሚከፈል) ካለ ፎርም 1040 መስመር 26 ላይ ነው። ዓመቱን 2024 ብሎት ከሆነ ደግሞ ደውለህ ወደ 2023 እንዲያዞሩልህ ንገራቸው።

ቅጣቱን በጣም አትፍራው። አሳልፎ ፋይል ማድረግ በወር 5% እስከ 25% ያስቀጣል፣ ግን የሚሰላው ሳይከፈል በቀረው ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ 3,200ው ታክስህን ከሸፈነ የሚሰላበት ነገር የለም። 800 ዶላር ጎድሎ ከሆነ ግን ከ60 ቀን ስላለፈ ትንሹ ቅጣት 485 ዶላር ነው፣ ወለዱ ሳይቆጠር።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እንደ ሹፌር ከምትከፍለው ውስጥ 15.3% የሚባለው ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (በግሉ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው) አለ፣ አብዛኛው የሶሻል ሴኩሪቲህ (የመንግሥት ጡረታህ) ነው። ብሩን ከፍለህም ሪተርን ካላስገባህ ሶሻል ሴኩሪቲ ያን ዓመት ሠርተሃል ብሎ አይመዘግብልህም፣ ለጡረታ ከሚያስፈልግህ 40 ክሬዲት (የሥራ ነጥብ) አራቱ በከንቱ ሊቀሩ ነው ማለት ነው (ስንት ሌሊት ኤርፖርት ቆመህ ያመጣኸው!)። የ2023ቱ በር ኤፕሪል 15, 2027 ይዘጋል፣ ትርፍ ከፍለህ ከሆነም ኤክስቴንሽን ከሌለህ ሪፈንዱ የሚቃጠለው በዛው ቀን ነው።

ዝም ካልክ ደግሞ አይአርኤስ ራሱ ሪተርን ሊሠራልህ ይችላል፣ እሱ ግን ለሥራ የነዳኸውን ማይል ከገቢህ ላይ አይቆርጥልህም። የ2023 በማይል 65.5 ሳንቲም ነበር፣ ለናንተ ለሹፌሮች ይሄ ቀላል ብር አይደለም፣ ስለዚህ የማይል መዝገብህን ፈልግና ስኬጁል ሲህን (የሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ) አንተው ሙላ፣ ስኬጁል ኤስኢም (የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ማስሊያ) ጨምር።

ቨርጂኒያን እንዳትረሳ ታዲያ፣ የስቴቱ ሪተርን ለብቻው ነው፣ ለአይአርኤስ የከፈልከው 3,200 እዛ አንድ ሳንቲም አይቆጠርልህም።